የላይኛው ምልክት፦ ትርፍ ዘይት ሞተርን መጉዳት የጀመረበት ታሪክ

የሞተር ዘይት መለኪያ ዘንግ ሁለት ምልክቶች አሉት። የታችኛው ዘይት ሲያንስ፣ የላይኛው ደግሞ ዘይት ሲበዛ የሚመጣውን ጉዳት ለመከላከል የተደረገ ነው። የታችኛው ምክንያት ማሽን ከተሠራ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ብረት ከብረት ጋር በደረቁ ሲፋተግ ይግላል፣ ይበላል፣ በመጨረሻም ይነክሳል። የላይኛው ምልክት ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። ለረጅም ጊዜ ትርፍ ዘይት ብክነት እንጂ አደጋ አልነበረም። አደጋ የሆነው ሞተሩ ራሱ ሲለወጥ ነው፦ ክፍት የነበረው አካሉ ሲዘጋ፣ ፈስሶ ይቀር የነበረው ዘይት ተመልሶ እንዲዞር ሲደረግ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር፣ ጭሱም በሕግ ሲታገድ። የላይኛው ምልክት ታሪክ እንግዲህ የሞተር መዘጋት ታሪክ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፈስሶ የሚቀር ዘይት

በእንፋሎት ዘመን ማሽን የሚቀባው በከብት ሞራ፣ በዓሣ ነባሪ ዘይትና ከተክል በሚጨመቁ ዘይቶች ነበር። ሞራ በትኩስ እንፋሎት ውስጥ ሲቆይ ወደ አሲድነት ስለሚለወጥ የሲሊንደሩን ብረት ይበላል። ኤድዊን ድሬክ በ1859 በፔንሲልቬኒያ፣ በታይተስቪል የነዳጅ ጉድጓድ ቆፍሮ ከተሳካለት በኋላ፣ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ቅባት የሞራን ቦታ መውሰድ ጀመረ። ሐኪሙ ጆን ኤሊስ በ1866 ለዚሁ ሥራ ኩባንያ አቋቋመ፤ ምርቱ በኋላ ቫልቮሊን የሚለውን ስም ያዘ። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር ከተማ ቫኩም ኦይል ተመሠረተ፤ ሞቢል የተባለው የዘይት ስም የተገኘው ከዚህ ኩባንያ ነው።

ዘይቱ ቢሻሻልም አቀባቡ ብዙ ጊዜ የእጅ ሥራ ሆኖ ቆየ። ባቡር በየተወሰነ ርቀት ይቆማል፤ ዘይት ቀቢው ቆርቆሮውን ይዞ ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ እየተዘዋወረ ያንጠባጥባል። ከባርነት ካመለጡ ወላጆች በካናዳ የተወለደው ኤላይጃ ማኮይ በኤድንበራ ምህንድስና ተምሮ ቢመለስም፣ በሚሺጋን ሴንትራል ባቡር ያገኘው ሥራ እሳት መቆስቆስና ዘይት መቀባት ነበር። በ1872 ማሽኑ ሳይቆም ዘይት በራሱ የሚያቀብል መሣሪያ ሠርቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ይህም መሣሪያ ቢሆን ዘይቱን ወደ ማሽኑ ይልከዋል እንጂ አይመልሰውም። ሥራውን የጨረሰ ዘይት በእንፋሎቱ ተገፍቶ ይወጣል ወይም መሬት ላይ ይፈሳል። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ዘይት ማብዛት የሚያስከትለው ወጪና ቆሻሻ ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ይህንኑ ልማድ ወረሱ። ካርል ቤንዝ በ1886 የፈጠራ መብት ያገኘባት ባለ ሦስት እግር መኪና ክራንክ ሻፍቷ ገላጣ ነበር፤ ዘይት ከትናንሽ ብልቃጦች ጠብ ጠብ እያለ ይወርድላታል። ከዚያ በኋላ በመጡት ብዙ መኪኖች አሽከርካሪው ፊት ለፊት በመስታወት የሚታዩ የዘይት ማንጠብጠቢያዎች ተደረደሩ፤ ጠብታውን መጨመርም መቀነስም የእሱ ፋንታ ነበር። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ሲወጣ ዘይቱ መድረሱን ያመለክታል፤ ጭስ ሲጠፋ ነበር የሚያሰጋው። ወደ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የደረሱትም በዚህ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው።

የዚህ አሠራር ጫፍ በአውሮፕላን ላይ ታየ። የፈረንሳዮቹ የሴጋን ወንድማማቾች ኖም ሞተር ከ1909 ጀምሮ በሰፊው ሲበር፣ ሲሊንደሮቹ ከነፕሮፔለሩ ይሽከረከሩ ነበር። ቤንዚኑ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ስለሚያልፍ በቤንዚን በቀላሉ የማይሟሟ የጉሎ ዘይት ተመረጠለት፤ የሞተሩም ዘይት ሳይመለስ ሁሉም በጭስ ማውጫ በኩል ወደ ውጭ ይረጫል። በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ቻርልስ ዌክፊልድ ኩባንያ የጉሎ ዘይት የገባበትን ካስትሮል አወጣ። በመሬት ላይም አሜሪካዊው ቻርልስ ናይት የፈለሰመው፣ በቫልቮላ ፋንታ የሚንሸራተት እጅጌ ያለው ሞተር በእንግሊዙ ዴምለር መኪና ላይ ሲገጠም በጸጥታው ተወደደ፤ የሚተወው የዘይት ጭስ ግን ሊቀርለት አልቻለም።

ከብዛት ይልቅ ስስ ንጣፍ

ዘይት ብረትን ከብረት የሚለየው እንዴት እንደሆነ የታወቀው በሙከራ ነው። በ1883 እንግሊዛዊው ቢቻም ታወር ለመካኒካል መሐንዲሶች ተቋም የባቡር አክስልና ተሸካሚውን ይመረምር ነበር። በተሸካሚው አናት ላይ ለዘይት መጨመሪያ ቀዳዳ በሳ፤ ማሽኑ ሲዞር ግን ዘይቱ በቀዳዳው ወደ ላይ ወጣ። ቀዳዳውን ቢደፍነውም መድፈኛው ተገፍቶ ወጣ። በቦታው ግፊት መለኪያ ሲያስር፣ በካሬ ኢንች እስከ 200 ፓውንድ የሚያነበው መሣሪያ ከልኩ አለፈ። የሚዞረው አክስል ዘይቱን እየጎተተ ወደ ጠባቡ ክፍተት ያስገባዋል፤ በዚያ የሚፈጠረው ግፊት ክብደቱን ሁሉ አንሥቶ ይይዛል። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1886 ይህንኑ በሒሳብ አስረዳ።

ከዚህ የተገኘው ትምህርት ለኋላው ታሪክ መሠረት ነው። የሞተርን ተሸካሚ፣ ማለትም ብሮንዚናን፣ የሚያድነው ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ክፍል ብዙም የማይርቅ፣ ያልተቋረጠና አየር ያልገባበት ስስ የዘይት ንጣፍ ነው። ንጣፉ ሳይቋረጥ እስከቀጠለ ድረስ ከሥሩ የተጠራቀመው ዘይት መብዛት ምንም አይጨምርለትም። በ1890 በበርሚንግሃሙ ቤሊስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አልበርት ፔይን፣ ዘይትን በፖምፓ እየገፋ ወደ ተሸካሚዎቹ የሚልክና ከሥር አጠራቅሞ መልሶ የሚያዞር አሠራር ለፈጣን የእንፋሎት ሞተር አስመዘገበ። ፍሬደሪክ ላንቸስተርም በመኪና ላይ በግፊት መቀባትን ቀድመው ከተጠቀሙት አንዱ ነበር። ዘይት ተመልሶ በሚዞርበት ሞተር ውስጥ ልክ የሚባል ነገር የግድ ይመጣል፤ የተጨመረው ሁሉ እዚያው ውስጥ ይቀራልና።

ሁለቱ ቧንቧዎች

ይህን ልክ ለብዙ ሺህ ተራ ባለመኪኖች ያስተማረው ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ ነው። ሞዴል ቲ የዘይት ፖምፓም መለኪያ ዘንግም አልነበረውም። ማግኔት የተደረደረበት የበረራ ጎማ ከታች ዘይቱ ውስጥ እየገባ ወደ ላይ ይረጫል፤ ከተረጨው የተወሰነው በቱቦ ወደ ፊት ሄዶ፣ የፊተኞቹን ማርሾች አርሶ፣ በቢየላዎቹ ሥር ባሉት ጎድጓዳዎች በኩል ወደ ኋላ ይመለሳል። ቢየላዎቹ በየዙራቸው ጎድጓዳውን እየነኩ ዘይቱን በሲሊንደር ግድግዳ ላይ ይረጩታል።

ልኩ የሚታወቀው ከበረራ ጎማው መሸፈኛ በታች በተተከሉ ሁለት ትናንሽ መክፈቻ ቧንቧዎች ነው፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ። ባለመኪናው ከሥር ገብቶ ይከፍታቸዋል። ከታችኛው ዘይት ካልወጣ ዘይቱ አንሷል፤ ከላይኛው ከወጣ ሞልቷል። ተገቢው ልክ በሁለቱ መካከል ነው። የላይኛው ቧንቧ ተከፍቶ ከተተወ ትርፉ ራሱ ፈስሶ ያበቃል።

ዘይቱ ከዚህ ሲያልፍ የሚደርሰው ጉዳት በጊዜው የታወቀ ነበር። በመርጨት በሚቀባ ሞተር ውስጥ የዘይቱ ከፍታ የሚረጨውን መጠን ይወስናል። ከፍታው ሲጨምር የፒስተን ፋሻዎች ጠርገው መመለስ ከሚችሉት በላይ ዘይት ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ የተረፈው ወደ ማቃጠያው ክፍል ወጥቶ ይነድዳል። ካንዴላ በጥቀርሻ ተሸፍኖ እሳት መስጠት ያቆማል፤ ፒስተን አናት ላይ ካርቦን ይጋገራል። የጋለው ካርቦን ነዳጁን ያለጊዜው እያቀጣጠለ ሞተሩን ያንኳኳዋል። በዚያ ዘመን የሲሊንደር ክዳን አውርዶ ካርቦን መፋቅ የተለመደ የጋራዥ ሥራ ነበር፤ ሥራውን ካበዙት ምክንያቶች አንዱም ዘይት ማብዛት ነው።

የክራንክ ሻፍቱ ፍጥነት

በ1920ዎቹ ነገሩ መልኩን ለወጠ። በ1924 የወጣው የመጀመሪያው ክራይስለር በፖምፓ ግፊት የሚቀባና ፊልትሮ ያለው ሞተር ይዞ መጣ። በ1927 መጨረሻ ሞዴል ቲን የተካው ፎርድ ሞዴል ኤ ፖምፓና መለኪያ ዘንግ ተገጠመለት። ከዚያ ወዲህ ባለመኪናው መሬት ላይ መተኛት አላስፈለገውም፤ ቦኔቱን ከፍቶ ዘንጉን መሳብ፣ መጥረግ፣ መልሶ ማስገባትና ማየት በቃው።

ሁሉም ክፍሉ በፖምፓ ግፊት የሚቀባ ሞተር ቢየላው ዘይት ውስጥ እንዲገባ አያስፈልገውም። በግፊት ብቻ ወደ መቀባት ሲታለፍ ዘይቱ ከክራንክ ሻፍቱ በታች፣ በገንዳው ውስጥ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ በሁለቱ መካከልም ባዶ ቦታ ተተወ። የላይኛው ምልክት የዚህ ባዶ ቦታ ጠባቂ ሆነ። የሞተር ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ የቦታው ዋጋ ከፍ አለ። በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ክራንክ ሻፍት በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራል፤ የሚዛን ክብደቱ ጫፍ ከመሐሉ 8 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ በሰዓት ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይምዘገዘጋል። በዚህ ፍጥነት ዘይት ሲመታ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ፦ ሞተሩ ኃይሉን ዘይት በመምታት ያባክናል፣ ዘይቱ ይግላል፣ ከአየር ጋር ተደባልቆም አረፋ ይሆናል።

ከሦስቱ የሚከፋው አረፋው ነው። ዘይት በተፈጥሮው ከይዘቱ 9 በመቶ ገደማ የሚሆን አየር አሟሙቶ ይይዛል፤ ይህ ጉዳት የለውም። ያልተሟሟና በአረፋ መልክ የተያዘ አየር ግን ሲጫኑት ይጨመቃል። ፖምፓው አረፋ ሲስብ ግፊቱ ይዋዥቃል፤ ብሮንዚናው የሚደርሰው ግማሹ ዘይት ግማሹ አየር የሆነ ነገር ነው። ታወር ያየው ንጣፍ እዚህ ላይ ይቋረጣል። በዚህም የተነሣ ዘይት የበዛበት ሞተር ዘይት እንዳነሰው ሞተር ብሮንዚናው ሊበላ ይችላል። ከ1930ው ባለ 16 ሲሊንደር ካዲላክ ጀምሮ የቫልቮላ ክፍተትን በዘይት ግፊት የሚያስተካክሉ ክፍሎች ሲገቡ አረፋ ሌላ ምልክት አገኘ፤ አየር የገባበት ክፍል ይላላል፣ ቫልቮላዎቹም ጠቅ ጠቅ ማለት ይጀምራሉ።

ኬሚስቶች በ1940ዎቹ መፍትሔ አመጡ። በሚሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ የሚጨመር ሲሊኮን የአረፋውን ቆዳ እያሳሳ ያፈነዳዋል። ዘመናዊ የሞተር ዘይት ሁሉ ይህን የመሰለ ተጨማሪ አለው። ይሁንና አረፋ ማጥፊያው የሚሠራው በመደበኛ አገልግሎት ለሚፈጠር አረፋ ነው፤ ክራንክ ሻፍቱ ያለማቋረጥ ዘይቱን እየመታ ለሚፈጥረው አይበቃም።

እዚህ ላይ ልዩነት ማድረግ ያስፈልጋል። በብዙ የቤት መኪኖች በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው መጠን አንድ ሊትር ያህል ነው፤ ሠሪዎቹም ከላይኛው ምልክት በላይ ጥቂት መተላለፊያ ይተዋሉ። ሁለትና ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ማለፍ በአብዛኛው ሞተር ላይ ዘይቱን ክራንክ ሻፍቱ ጋ አያደርሰውም። አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ማለፍ ግን፣ በተለይ ገንዳው ጥልቀት በሌለው ሞተር ላይ፣ አሳሳቢ ነው።

ማገጃዎች፣ መተንፈሻና ጭስ

የቆዩ ሞተሮች በክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጫፍ ዘይት የሚያግዱት በገመድ፣ በቆዳ ወይም ዘይቱን በሚመልስ ጠመዝማዛ ጥርስ ነበር። የጀርመኑ ፍሮይደንበርግ ኩባንያ በ1929 ሲመሪንግ የተባለውን የቆዳ ማገጃ፣ በ1936 ደግሞ የሰው ሠራሽ ጎማውን አወጣ፤ ዛሬ በየሞተሩ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ የዚህ ዘር ነው። ጠመዝማዛው ጥርስ ግን በኢትዮጵያ መንገዶች እጅግ በታወቀው በቮልስዋገኑ ቮልስ ላይ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። የቮልስ ሞተር የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ በፑሌጂያው በኩል ማገጃ ጎማ የለውም። ዘይት ሲበዛበት ጥርሱ መመለስ ያቅተውና የሞተሩ ክፍል በሙሉ በዘይት ይረጫል። እንዲህ ያለ መኪና ሞተሩ አርጅቷል ቢባልም ጥፋቱ የዘይት መብዛት ሊሆን ይችላል።

ዘይት መብዛት ማገጃዎችን ይፈነቅላል የሚለው አባባል በጥንቃቄ መታየት አለበት። የሞተሩ ሆድ መተንፈሻ ስላለው ከፍታው ብቻውን ግፊት አይፈጥርም። ግፊት የሚመጣው ዘይቱ ወይም አረፋው መተንፈሻውን ሲዘጋ ነው፤ በፋሻዎች አልፎ የሚወርደው ጋዝ መውጫ ሲያጣ ደካማውን ማገጃ ፈልጎ ይወጣል።

መተንፈሻው ራሱ ታሪክ አለው። እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ የሞተሩ ሆድ የሚተነፍሰው ወደ መሬት በተቀለበሰ ተራ ቱቦ ነበር፤ ትርፍ ዘይት በጉም መልክ በዚያው ወጥቶ አስፋልት ላይ ይንጠባጠባል። የካሊፎርኒያ የአየር ብክለት ሲጠና ይህ ጋዝ ከምንጮቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። በ1961 ሞዴል ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በ1963 ደግሞ በመላው አሜሪካ፣ ጋዙን መልሶ ወደ ሞተሩ አየር መሳቢያ የሚልክ ቫልቭ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ተገጠመ። ለከተማው አየር በጎ ቢሆንም ለትርፍ ዘይት አዲስ መንገድ ከፈተ፤ ቀድሞ መሬት ላይ የሚፈሰው የዘይት ጉም ከዚያ ወዲህ ተመልሶ ሲሊንደር ውስጥ ይገባና ይቃጠላል።

በ1975 ሞዴል የአሜሪካ መኪኖች ላይ የጭስ ማጣሪያ ካታሊስት ሲጨመር ጉዳቱ ከሞተሩ አልፎ ሄደ። ብሮንዚናና ካም ሻፍት እንዳይበሉ በዘይት ውስጥ የሚጨመረው ፎስፈረስ ሲቃጠል የካታሊስቱን ፊት ይሸፍንና ሥራ ያስፈታዋል። በሞዴል ቲ ዘመን ትርፍ ዘይት የሚያበላሸው ርካሽ ካንዴላ ነበር፤ ከ1975 በኋላ ግን በውስጡ ፕላቲኒየም ያለበትን ውድ ክፍል ማበላሸት ቻለ።

ናፍጣ ሞተርና በራሱ የሚጨምር ዘይት

ናፍጣ ሞተር በካንዴላ አይነሣም፤ በተጨመቀ አየር ሙቀት ነው ነዳጁ የሚቀጣጠለው። ፍጥነቱን የሚወስነው የሚገባለት ነዳጅ ነው። ከመተንፈሻው ብዙ ዘይት ወደ አየር መሳቢያው ከገባ ሞተሩ ዘይቱን እንደ ነዳጅ ይበላል። ያን ጊዜ ቁልፍ ቢዘጋም አይጠፋም፤ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ ሞተሩ ሊሰባበር ይችላል። የሚገታው አየር መሳቢያውን በመድፈን ነው። ተርቦ ያለው ሞተር ሌላም ችግር አለው። ተርቦውን የቀባ ዘይት በራሱ ክብደት ወደ ገንዳው ይወርዳል፤ ገንዳው ከሞላ መውረጃው ይታገድና ዘይቱ በተርቦው ማገጃ አልፎ ይወጣል።

ፔዦ በ2000 በ607 ሞዴሉ ላይ የናፍጣ ጥቀርሻ ማጣሪያን በሰፊ ምርት ሲያስተዋውቅ ደግሞ ማንም ሳይጨምር የሚበዛ ዘይት ታየ። በዚህ ዓይነት ማጣሪያ የታሰረው ጥቀርሻ በየጊዜው መቃጠል አለበት፤ ለዚያ የሚሆነውን ሙቀት ለማግኘት በብዙ ሞተሮች ላይ ነዳጅ ዘግይቶ ወደ ሲሊንደር ይረጫል። ከተረጨው ጥቂቱ ግድግዳውን ታክኮ ወደ ገንዳው ይወርዳል። በከተማ ውስጥ አጭር ጉዞ ብቻ በሚሠራ መኪና ላይ ይህ እየተደጋገመ የዘይቱ ከፍታ ይጨምራል፤ ዘይቱም ይቀጥናል። በማዝዳ አንዳንድ ናፍጣ ሞተሮች መለኪያ ዘንግ ላይ ከላይኛው ምልክት በላይ የ«ኤክስ» ምልክት የተቀረጸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዘይቱ እዚያ ሲደርስ መቀየር አለበት።

ስሕተቱ ከየት ይመጣል

ዘይት የሚበዛባቸው መንገዶች ከዘመን ወደ ዘመን ብዙም አልተለወጡም። አንዱ መኪናው ዳገት ላይ ቆሞ መለካት ነው። ሌላው ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው መለካት ነው፤ ላይ ያለው ዘይት ገና ወደ ገንዳው ስላልወረደ ዘንጉ ያነሰ ያሳያል፣ የጎደለ መስሎም ይጨመራል። ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይህን ያስቀራል። ሦስተኛው አሮጌው ዘይት ተሟጥጦ ሳይወርድ ሙሉውን ልክ መሙላት ነው። አራተኛው ፊልትሮ ሳይቀየር ከነፊልትሮው የተጻፈውን ልክ መገልበጥ ነው።

በኢትዮጵያ ጋራዦች የቆርቆሮው መጠንም ድርሻ አለው። ዘይት በብዛት የሚሸጠው በ4 እና በ5 ሊትር መያዣ ነው፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የበዛችው ባለ 1.3 ሊትር ቶዮታ ቪትዝ ግን ከነፊልትሮዋ የምትይዘው 3.7 ሊትር ገደማ ነው። ያገለገሉ መኪኖች ብዙ ጊዜ ያለ መመሪያ መጽሐፍ፣ ወይም ባለቤቱ በማያነበው ቋንቋ ከተጻፈ መጽሐፍ ጋር ስለሚገቡ፣ ልኩ በልማድ ይወሰናል። የተገዛው እንዳይባክን ቆርቆሮው እስኪያልቅ መገልበጥም የተለመደ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መብዛቱ ከታወቀ ሞተሩ ሳይነሣ ትርፉ በማውረጃው ታፖ ወይም በመለኪያ ዘንጉ ቀዳዳ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይወጣል። ሞተሩ ከሠራ በኋላ አረፋ የታየበት ዘይት ሙሉ በሙሉ ቢቀየር ይመረጣል።

መለኪያ ዘንግ የሌለው ሞተር

ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቢኤምደብሊውን የመሰሉ ሠሪዎች በአንዳንድ ሞተሮቻቸው ላይ መለኪያ ዘንጉን አስቀርተው ገንዳው ውስጥ በተተከለ ሴንሰር ተኩት። ልኩ በዳሽቦርዱ ላይ ይነበባል፤ ሲበዛም ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ የሞተር ዘይት ጨርሶ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። እነዚህም ቢሆኑ በማርሽ ሳጥናቸው ውስጥ ጥቂት ዘይት አላቸው። የእንዲህ ዓይነቱ ሳጥን ልክ በአብዛኛው የሚወሰነው በመሙያው ቀዳዳ ከፍታ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ታፖው ሳይዘጋ ራሱ ፈስሶ ይወጣል።